«እኔን!» ያልኩ ዕለት

ሰው አጠገባችሁ ተደናቅፎ ሲወድቅ ከአፋችሁ ምን ይወጣል? አስባችሁ ሳይሆን ሳታስቡት ማለቴ ነው። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ከእኔ አፍ የሚወጣው «እኔን!» ነው። እናቴም እንደዚያ ነው የምትለው፣ ጎረቤቶቻችንም እንደዚያው። ይቺ ቃል ላስ ቬጋስ ውስጥ ከሥራ ልታስባርረኝ ደርሳ ነበር። ሥራው ብቻ ቢሆን እኮ ምንም አልነበረም፤ ልጄም አብራ ልትቀርብኝ ነበር። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ብቻ ታገሡኝ፣ እኔ ማሳጠር አልችልበትም።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶታል። ሜሪላንድ ፓርክዌይ ላይ ከሠናይት ጋር አንድ አፓርታማ ተጋርተን እንኖራለን። ሠናይት የአዲስ አበባ ልጅ፣ ያውም የለየላት ጴንጤ ናት፤ እኔ ሙስሊም ነኝ። እኔ ሰግጄ ስጨርስ እሷ መዝሙሯን ትከፍታለች፤ «ፈጣሪ በእኛ ቤት በኩል እረፍት የለውም» እየተባባልን እንስቃለን። ሥራችንም አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ነው። እሷ ምድር ቤት ላውንደሪ ናት፣ እኔ ሎቢ። ወለል እወለውላለሁ፣ የሲጋራ መተርኮሻ እደፋለሁ፣ ጋሪዬን እየገፋሁ ከካዚኖው በር እስከ ሊፍቱ ስመላለስ ሺፍቴ ያልቃል።

ልጄ ሐያት ኮምቦልቻ እናቴ ዘንድ ነበረች። አባቷ ገና ድክ ድክ ሳትል ነው የሞተው፣ አላህ ይዘንለት። ዲቪው ሲደርሰኝ ለሁለታችን የሚሆን አቅም ስላልነበረኝ «እኔ ልቅደም፣ አንቺ ትከተይኛለሽ» ብያት ወጣሁ። ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። በስልክ ስታዋራኝ እንደ እንግዳ ታፍረኝ ጀመር። ከጀርባ እናቴ «እማዬ በያት እንጂ» ስትላት ይሰማኛል። እሷም የታዘዘችውን ብቻ ትላለች።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን የሐያት ጉዳይ ሊያልቅ ነው። ኤምባሲው ቀጠሮ ሰጥቷታል፣ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ወረቀቱ ሁሉ ተሟልቶ አንድ ብቻ ጎደለ፤ እኔ ከድጃ «የዚህ ሆቴል ቋሚ ሠራተኛ ናት» የሚል የአሠሪ ደብዳቤ። የሆቴሉ ቢሮ «አርብ መጥተሽ ውሰጂ» ብሎኛል። አርብን እንደ ዒድ ነበር የምጠብቃት።

ሠናይት ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ምክር ነበራት። «ከድጃ፣ እዚህ አገር ሶሪ አትበይ። ሶሪ ያለ ሰው ጥፋተኛ ነው፣ ይጽፉብሻል» ትለኛለች።

«ሰው ሲወድቅስ?»

«ሰው ሲወድቅ ሴኩሪቲ ጥሪ። እጅሽን ሰብስቢ።»

«እጄንስ ልሰብስብ፣ አፌን ምን ላድርገው?» እላትና እንስቃለን። ሳቁ አለቀ እንግዲህ።

ዕለቱ ማክሰኞ ነው፣ ረፋድ ላይ። በመስኮቱ በኩል ያለውን ወለል ወልውዬ ቢጫውን ምልክት አቁሜያለሁ። በሊፍቱ በኩል ያለው ገና ደረቅ ነው። ጋሪዬን ወደዚያ ስገፋ አንድ ሰውዬ ከሊፍቱ ወጡ። ቁመታቸው ሎጋ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ፣ ቆዳቸው የኛን ይመስላል ግን የኛ ሰው አይደሉም። ከላይ የሚያምር ኮት ለብሰዋል፣ ደረታቸው ላይ የስብሰባ ባጅ ተንጠልጥሏል። ከታች ግን ነጠላ ጫማ! ወላሂ ነጠላ ጫማ! በሆዴ «እኚህ ሰውዬ መስጊድ የሚሄዱ የሰፈራችንን ሸህ አይመስሉም እንዴ» ብዬ ሳልጨርስ የቀኝ ጫማቸው ማሰሪያ ተበጠሰ። እግራቸው ተጠለፈ፣ በጉልበታቸው እብነ በረዱ ላይ ዷ አሉ። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

«እኔን! እኔን! እኔን ድፍት ያድርገኝ!» ብዬ መወልወያዬን ጥዬ ሮጥኩ። ከዚያ ሶሪው ተከተለ። «ሶሪ! ሶሪ! ሶሪ!» ቆጥሬ አልጨርሰውም። ጉልበታቸው ተተልትሎ ደሙ ሱሪያቸውን አልፎ ይወርዳል። ለሶላት የምይዛት ሻርፕ ጋሪዬ ላይ ነበረች፣ እናቴ የሰጠችኝ፣ አረንጓዴ ጠርዝ ያላት። እሷን መዥርጬ ጉልበታቸውን ጥፍር አድርጌ አሰርኩላቸው። ደም የነካው ልብስ ሳይታጠብ እንደማይሰገድበት አውቃለሁ፣ ግን ያኔ ማን ያስባል?

ሰውየው ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ፈጠጠ። ያ ሁሉ ሕመም እያለ ፊታቸው በሳቅ ተሞላ። ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው መጮህ ጀመሩ።

«ኤኔን! ኤኔን! ኤኔን!»

መጀመሪያ የሚያላግጡብኝ መሰለኝ። ቀጥሎ ጭንቅላታቸውን የተመቱ መሰለኝ። «አብሽር አባቴ፣ አብሽር» እያልኩ ትከሻቸውን ደባበስኩ። እሳቸው ግን ጣታቸውን አላጠፉም። ይስቃሉ፣ ያቃስታሉ፣ «ኤኔን!» ይላሉ። ሴኩሪቲው የደረሰው በዚህ መሃል ነው። እስቲ በእሱ ዓይን እዩት። መወልወያ ወለል ላይ ተጥሏል። ሰው ወድቋል። የወደቀው ሰውዬ ደግሞ በአጽጂዋ ላይ ጣት ቀስሮ ይጮሃል። እኔ ራሴ በእሱ ቦታ ብሆን ራሴን አስር ነበር!

ሰውየውን በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ክሊኒክ ወሰዷቸው፣ ሻርፔም ጉልበታቸው ላይ እንደታሰረች አብራ ሄደች። ሴኩሪቲው ወረቀቱን አወጣ።

«ሲወድቅ ምን አልሽው?»

«እኔን አልኳቸው።»

«ምን ማለት ነው?»

እናንተዬ፣ ጉዱ እዚህ ጋ ነው። እንግሊዝኛዬ ያኔ ቃል በቃል ነበር፣ እንደ ተማሪ ቤት። «እኔን» ምንድን ነው? «ሚ» ነው። በማወቄ ደስ ብሎኝ ቶሎ መለስኩለት።

«ሚ።»

«ሚ? አንቺ?»

«የስ! ሚ!» ደረቴን እየነካሁ፣ እንዲገባው ብዬ።

«ከዚያስ ምን አልሽ?»

«ሶሪ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ብዙ ጊዜ» አልኩት፣ ትሁት መሆኔን እንዲያውቅልኝ።

እሱ ይጽፋል፣ እኔ እነግረዋለሁ። ሲጨርስ ሳይን አድርጊ አለኝ፣ ሳይን አደረግኩ። አንብቤው መሰላችሁ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት ለካ እንዲህ ነው።

ከምሳ በኋላ ማናጀሩ አስጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ድምፁን እንኳ ከፍ አድርጎብኝ አያውቅም። ወረቀቱን ፊቱ ዘርግቶ «ጥፋቱ የኔ ነው ብለሽ ፈርመሻል። እንግዳው ደግሞ የመንግሥት ሚኒስትር ናቸው። ጉዳዩ እስኪጣራ ሰስፔንድ ሆነሻል፣ ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ነይ» አለኝ።

ሚኒስትር የሚለውን ስሰማ በሆዴ አልኩ፦ ሚኒስትር ገድዬ ልሙት? ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነው። «ደብዳቤዬስ? አርብ የምወስደው?»

«የታገደች ሠራተኛን ቋሚ ናት ብዬ መጻፍ አልችልም። ሐሙስ የሚሆነውን እናያለን» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

በአውቶቡስ ወደ ቤት ስሄድ አላለቀስኩም። ቤት ገብቼ ሠናይትን ሳያት ነው የለቀቀኝ። እሷም መጀመሪያ ያለችው የታወቀ ነው።

«አላልኩሽም? አላልኩሽም ወይ ከድጃ? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አሉ!»

«በሞቴ ሠኒ፣ አሁን ተረት አትንገሪኝ።»

ተቀመጠችና እጄን ያዘች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ ቤቱ ውስጥ የሚሰማን ያለ ይመስል። «ስሚ። ሐሙስ ስትገቢ ‹እኔን› ማለት ‹ተጠንቀቁ› ማለት ነው በያቸው። አማርኛ ማን ያውቃል? ሴኩሪቲው ተሳስቶ ነው የጻፈው በይ። ሶሪም አላልኩም በይ።»

አፍጥጬ አየኋት። «አንቺ፣ ቸርችሽ የሚያስተምርሽ ይሄን ነው?»

«ጌታ ይቅር ይበለኝ» አለች፣ እንባዋ እየመጣ። «ለሐያት ብዬ ነው።»

ረቡዕ ሠናይት ወደ ሥራ ሄደች፣ እኔ ቤት ቀረሁ። ካርድ ገዝቼ ኮምቦልቻ ጎረቤት ቤት ደወልኩ። ለእናቴ ልነግራት ነበር፣ ወላሂ ልነግራት ነበር። ግን ስልኩን ያነሳችው ሐያት ራሷ ሆነች። ሳላስበው «የኔ ልጅ፣ እንዴት ነሽ?» አልኳት። ከዚያ በቀጭን ድምፅ «አያቴ ሻንጣ ገዛችልኝ። ቀይ ነው» አለችኝ። «ያምራል?» አልኳት። «ያምራል» አለች። ለማንም ምንም ሳልናገር ዘጋሁት። ሶላት ላይ ቆሜ ዱአዬ ሁሉ አንድ ሆነ፦ ያ ረቢ፣ ያንን ቀይ ሻንጣ ባዶውን አታስቀረው።

ማታ ሠናይት ስትገባ ፊቷ ሌላ ነበር። «ምን ሆነሻል?» ብላት «ምንም፣ ጸልዬልሻለሁ» ብላ ወደ መኝታዋ ገባች። ተስፋ የቆረጠችልኝ መሰለኝ።

ሐሙስ ሦስት ሰዎች ጠበቁኝ። ማናጀሩ፣ ሴኩሪቲው፣ እና የምንናገረውን የምትጽፍ አንዲት ሴት። አስተርጓሚ የሚባል ነገር የለም፣ እኔም መጠየቅ እንደምችል አላውቅም። ማናጀሩ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«ፊርማው ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ሚ ብለሻል?»

የሠናይት ምክር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አላልኩም ብል ማን ይመሰክርብኛል? አማርኛ የሚያውቅ የለ! ነገር ግን እናቴ በእውነት ላይ ቀልድ አታውቅም፣ እኔም የሷ ልጅ ነኝ። በሐሰት በተገኘ ደብዳቤ ልጄን ላመጣት? አልሆነልኝም።

«ብያለሁ» አልኩ። «ግን…»

«ግን ምን?»

ልቤ ሁሉንም ያውቃል፣ እንግሊዝኛው የለም። «እሳቸው ወደቁ… እኔ ደግሞ… ሚ ፎል! ሂም ኖ ፎል! ሚ!» አልኩ በሁለት እጄ እየታገልኩ።

«አንቺም ወድቀሻል?» አለ ማናጀሩ ግራ ገብቶት። ሴትየዋ ጽሑፏን አቁማ አየችኝ። ለካ ለማስረዳት በሞከርኩ ቁጥር ነገሩን አባስኩት።

ማናጀሩ መነጽሩን አወለቀ። ሊረዳኝ እንደፈለገ አሁን ይገባኛል። «አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅሽ። ነገ ሌላ እንግዳ ቢወድቅ ምን ታደርጊያለሽ?»

መልሱ ግልጽ ነበር። ምንም አልናገርም፣ ሴኩሪቲ እጠራለሁ። ይኸው ነው። ያቺን ብል ምናልባት ይምሩኛል፣ ደብዳቤውም ይጻፋል። ሐያት በዓይኔ መጣች፣ ከነቀይ ሻንጣዋ።

«ሴኩሪቲ እጠራለሁ» አልኩ። ማናጀሩ ፊቱ ፈታ አለ። እኔ ግን አላቆምኩም፣ ጅል ነኝ እኮ። «ግን መጀመሪያ አፌ እኔን ይላል። አልዋሽህም። እኔ ሳላዘው ነው የሚለው።»

ማናጀሩ ወረቀቱን አጠፈው። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ወለሉን አየሁ። በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው።

ሚኒስትሩ ገቡ። ያው ኮት፣ ያው ነጠላ ጫማ! የተበጠሰውን ማሰሪያ በክር ቋጥረውት እያነከሱ ነው። በእጃቸው ሻርፔን ይዘዋል፣ ታጥባ፣ ተተኩሳ፣ በአራት ታጥፋ።

«ሚስ ከዲጃ» አሉኝ፣ በሁለት እጃቸው እየሰጡኝ። ከዚያ ወደ ማናጀሩ ዞሩ። «ይቅርታ፣ ሳልጠራ ነው የመጣሁት። ስለ እኔ እየተነጋገራችሁ ነው አሉኝ። ልቀመጥ? ጉልበቴ ልክ አይደለም።»

ማናጀሩ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳላቸው።

የተናገሩትን ያኔ ግማሹን ነው የሰማሁት፤ ቀሪውን ኋላ ሠናይት እየተረጎመችልኝ ራሳቸው ደግመው ነግረውኛል። አገራቸውን አልጠራላችሁም፤ ከትንሽነቷ የተነሳ አገሪቱን መጥራት እሳቸውን በስም መጥራት ነው። ሩቅ ባሕር መካከል ያለች ደሴት ናት። በካርታ ሊያሳዩኝ ሲሞክሩ ጣታቸው ሸፈናት።

«ወጣት ሳለሁ የአገሬ ሯጭ ነበርኩ» አሉ። «ሌላ ሯጭ ስለሌለ አንደኛ እኔ ነኝ። ያለን አንድ መንገድ ነው፤ አሥር ሺህ ሜትር ለመለማመድ ስድስት ጊዜ መመላለስ ነበረብኝ። ዶሮዎቹ ሁሉ ያውቁኛል። ከዚያ ለትልቅ የዓለም ውድድር ላኩኝ፣ ሕዝቤ በሙሉ ራዲዮ ከቦ ይጠብቃል። ሁለት ዙር ደረቡኝ። ሁለተኛውን ሲደርቡኝ መታጠፊያው ላይ ወደቅኩ፣ ይኸው በዚሁ ጉልበቴ። ፊተኞቹ እየዘለሉኝ አለፉ። አንዱ፣ ቀጭን ኢትዮጵያዊ፣ ሲያልፈኝ ፊቱ ጭምድድ አለ፣ የወደቀው እሱ ይመስል። ‹ኤኔን!› አለኝ። አልቆመም፣ ሩጫ ነው። ግን አለኝ።»

ሴትየዋ መጻፍ ትታለች። ሴኩሪቲውም ከግድግዳው ተላቆ ቀርቧል።

«ተነስቼ ጨረስኩ፣ መጨረሻ ወጣሁ። ማታ መመገቢያ ቤት ያንን ልጅ ፈልጌ አገኘሁት። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ጓደኛው አስተረጎመልን። ምን ነበር ያልከኝ ብዬ ስጠይቀው ‹ብያለሁ እንዴ?› አለኝ። ማለቱን አያውቅም! ከዚያ አፍሮ ነገረኝ። ባንተ ፈንታ እኔ ልውደቅ፣ ሕመሙ እኔን ይንካኝ ማለት ነው አለኝ። አስቡት እስቲ። ለሜዳሊያ የሚሮጥ ሰው መጨረሻ ላለው ሰው እኔ ልውደቅልህ ይላል። ሜዳሊያም አላገኘም፣ አራተኛ ነው የወጣው።»

«አገሬ ገብቼ ለምክር ቤት ስወዳደር ተቀናቃኜ ‹መጨረሻ የወጣ ሰው ምን ይመራናል?› አለ። እውነቱን ነው። እኔም ለሕዝቡ ይህንን ቃል ነገርኩት። አውሎ ነፋስ ጣሪያ ሲነቅል በየቤቱ እየሄድኩ እለዋለሁ፣ ከዚያ ጣሪያ አብሬ እመታለሁ። ዛሬ የዓሣ፣ የመንገድና የስፖርት ሚኒስትር ነኝ፤ ልጆቹ ግን ሲያዩኝ ‹ኤኔን መጣ› ነው የሚሉት። ሃያ ዓመት ሙሉ ቃሏን እኔ ካላስተማርኩት ሰው አፍ ሰምቼያት አላውቅም ነበር። ማክሰኞ ስወድቅ ይቺ ልጅ ጮኸችው። ጣቴን የቀሰርኩት ልከሳት አይደለም። የጠፋ ዘመዴን ያገኘሁ መስሎኝ ነው!»

እኔ ከሁሉም በላይ «ኤኔን» የምትለዋን እየሰማሁ ነበር፣ እንባዬ በአገጬ ይወርዳል።

«ሶሪ ማለቷስ?» አለ ማናጀሩ፣ ግን ድምፁ ለስልሷል።

«የጎረቤቴ ታንኳ ሲሰጥም እኔም ሶሪ እለዋለሁ» አሉ። «ባሕሩን ያናወጥኩት እኔ ነኝ? ወለሉ ደረቅ ነበር። ጫማዬ አሮጌ ነበር። ጻፉት፣ እፈርማለሁ።»

«ከሆቴላችን የሚጠይቁት ነገር ይኖር ይሆን?»

«አለ እንጂ!»

ማናጀሩ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«አንደኛ፣ ለጫማዬ ከዚህ የጠነከረ ክር። ሁለተኛ፣ የዚችን ልጅ ደብዳቤ። ሴት ልጇ ትጠብቃታለች አሉኝ።»

ማናጀሩ መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ሴኩሪቲውም ሳቀ። ያቺ ስትጽፍ የነበረችው ሴት ማንም ሳያዛት አዲስ ወረቀት የጽሕፈት መኪናዋ ውስጥ አስገባች። ደብዳቤዬን አርብ አልወሰድኩትም፤ ሐሙስ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ነው የወሰድኩት። አልሃምዱሊላህ።

ስወጣ ሠናይት ሊፍቱ ጋ በላውንደሪ ልብሷ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ረቡዕ ከእንግዶች ልብስ መካከል አረንጓዴ ጠርዝ ያላት ሻርፕ ወጣች። ሠናይት አወቀቻት፤ የክፍሉን ቁጥር ልብሱ ከመጣበት ከረጢት ላይ አነበበች። የላውንደሪ ሠራተኛ እንግዳ ክፍል ድርሽ እንዳይል የተከለከለ ነው፣ ብትያዝ እሷም ትባረር ነበር። ሻርፗን በእጇ አጥባ፣ ተኩሳ፣ ሚኒስትሩን በር አንኳኩታ ሁሉንም ነገረቻቸው። ይመጡ እንደሆነ እርግጠኛ ስላልነበረች ለእኔ ተስፋ መስጠት ፈራች። እጅሽን ሰብስቢ ስትለኝ የኖረችው ሠናይት ናት እንግዲህ!

«እጅሽን አልሰበሰብሽም ማለት ነው» ብላት «ዝም በይ አንቺ» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ወደ ሥራ ስመለስ፣ ሚኒስትሩ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ነገር ጠየቁኝ። «በትክክል ነው የምለው? ሕዝቤን በስህተት አስተምሬ እንዳይሆን።» «ኤኔን አይደለም፣ እኔን ነው» አልኳቸው። ሞከሩ። ያቺ «እ» አስቸገረቻቸው። ሎቢው መሃል ቆመን፣ እኔ በጋሪዬ እሳቸው በክር በታሰረ ጫማቸው፣ «እ… እ…» ስንባባል መንገደኛ ሁሉ ዞሮ ያየናል። እኔም በበኩሌ «ሚ» የሚለውን ትርጉም በምን ልለውጠው ብዬ ጠየቅኳቸው። አንዲት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሰጡኝ፣ ሠናይት ጻፈችልኝ። ፍሪጃችን ላይ ለጥፌ ጠዋት ጠዋት አጠናኋት።

ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት ሕይወቴን የለወጠችው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? በዚያው ዓመት ከሺፍት በኋላ ትምህርት ቤት ገባሁ። ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ። አንድ አዛውንት ለሐኪሙ «ሆዴ ባብቷል ልጄ» ሲሉት ሆዳቸውን እንዳይመረምር የማስቆመው እኔ ነኝ። ያዘኑት ልጃቸው ስላልደወለላቸው እንደሆነ የምነግረው እኔ ነኝ። ከጎናቸው ስቀመጥ ያን ወረቀትና ፊርማዬን አስታውሳለሁ። እርስዎም ያለ አስተርጓሚ እንደዚያ እንዲቀመጡ አልፈልግም እላቸዋለሁ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ በተለይ ሰው አገር ያላችሁ፣ ከተማው ጠባይ ይለውጣል፣ አውቃለሁ። ሠናይት ያለችኝ ውሸት አይደለም፣ አገሩ የወረቀት አገር ነው። ግን ሳታስቡት ከአፋችሁ የሚወጣውን ደግ ቃል አትገድሉት። ያ ሯጭ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ በሕይወት ይኑር አይኑርም አላውቅም። ማለቱን እንኳ ያላወቃት አንዲት ቃል ባሕር ተሻግራ፣ ሃያ ዓመት ቆይታ፣ እኔን ከነልጄ አተረፈችን። ሚኒስትሩን አመሰግናለሁ፣ ሠናይትን አመሰግናለሁ። እሱን ግን የማመሰግንበት አድራሻ ስለሌለኝ እዚህ ጻፍኩት፤ የሚያውቀው ካለ ያድርስልኝ።

ሐያት የገባች ቀን የሆነውን ግን ሳልነግራችሁ አልሄድም። ዲቪ የደረሳት አንዲት የሰፈራችን ሴት ይዛት መጣች። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ መጀመሪያ ያየሁት ቀዩን ሻንጣ ነው። ከሻንጣው ኋላ ልጄ። ስድስት ዓመት ሆኗታል፣ ረዝማለች፣ ጥርሷ ወልቋል። አየችኝና ከሴትየዋ ቀሚስ ኋላ ተሸሸገች። «ሐያቴ!» ብዬ ሮጥኩ። የሆነ ሰው ሻንጣ እግሬን ጠለፈኝና በሁለት ጉልበቴ ወለሉ ላይ ዘፍ አልኩ።

«እኔን! እማዬ፣ እኔን!»

ማንም እማዬ በያት አላላትም። ቀይ ሻንጣዋን ጥላ እየሮጠች መጥታ ጉልበቴን በሁለት እጇ ያዘችው። አንድ የማረፊያው ሠራተኛ ደንግጦ ደረሰ። «ደህና ነሽ? ልጅቷ ምን አለችሽ?» አለኝ።

የፍሪጃችንን ዓረፍተ ነገር አንድም ቃል ሳልስት ነገርኩት። «ከምትወድቂ እኔ ብወድቅ ይሻለኝ ነበር ነው ያለችኝ።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ልጄን አያት። እሷ ግን አላየችውም፣ ጉልበቴን እፍ እፍ እያለች ነበር።